ያልተረጨ ድስት

አባቴን ከቤት ያባረረው የእናቴ አፍንጫ ይመስለኝ ነበር።

አትሳቁብኝ። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው አዲሶቹ ገና ብቅ ብቅ ሲሉ የነበረ ጊዜ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ሰው ያየውን ነው የሚያምነው። ያየሁት ደግሞ ይኼ ነው። አባቴ ከሥራ ሲመለስ በፊት ለፊቱ በር መግባት ተወ። በጓሮ ዞሮ ከቤታችን ጀርባ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ይገባል። እዚያ የሥራ ልብሱን ያወልቃል፣ ከበርሜሉ ውሃ እየጨለፈ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ይታጠባል፣ ንጹሕ ልብስ ይለብሳል። አሁንስ ወደ ቤት ይገባል ስትሉ፣ እዚያው አግዳሚዋ ላይ ቁጭ ብሎ እናቴ ደረጃው ላይ አስቀምጣለት የሄደችውን ምግብ ይበላል። ሳህኑ ለብቻ፣ ማንኪያው ለብቻ፣ ብርጭቆው ለብቻ። ሲጨርስ ሳህኑን ራሱ ያጥባል። ልብሱንም ራሱ ያጥባል። ሚስት ቤት ተቀምጣ ባል ልብሱን ሲያጥብ ያየ ጎረቤት ምን እንደሚል እናንተው ታውቁታላችሁ።

ሮጬ ልጠመጠምበት ስል ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ወደ ኋላ ይሸሻል።

«ቆይ፣ ቆይ! ሳልታጠብ አትንኪኝ!»

ከታጠበም በኋላ ግንባሬን በአገጩ ነካ አድርጎ ያልፈኛል እንጂ እንደ ድሮው አይሸከመኝም።

«እማዬ፣» አልኳት አንድ ቀን፣ «አባዬ ለምንድነው ከኛ ጋር የማይበላው?»

«ይሸተኛል፣» አለች። ይኼንኑ እንኳ በወጉ አልጨረሰችውም፤ አፏን በመዳፏ አፍና ወደ ጓሮ ሮጠች። ስታስመልስ ይሰማኛል።

በቃ፣ ነገሩ ገባኝ። እናቴ አባቴን ተጸይፋዋለች። ዛሬ ወይ ነገ አባቴ ልብሱን ሰብስቦ ይሄዳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው ነገር የጓሮውን መስኮት ከፍቶ የቆርቆሮዋ ክፍል በር ላይ ጫማው መኖሩን ማየት ሆነ።

አባቴ መድኃኒት ረጪ ነበር። ሰፈራችን አንድ ትልቅ የአትክልት እርሻ ጥግ ላይ ተደርድረው የተሠሩ የሠራተኛ ቤቶች ናቸው፤ ቤቱም የእርሻው፣ ውሃውም የእርሻው፣ እንጀራችንም የእርሻው። አባቴ መርጫውን አዝሎ አፍና አፍንጫውን በሻሽ አስሮ በቲማቲሙና በጥቅል ጎመኑ መሀል ሲሄድ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየው ነበር። ረጭቶ በጨረሰበት መስመር ጫፍ ላይ ካለው እንጨት ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል። ጨርቁ በነፋስ ሲውለበለብ እንዴት እንደሚያምር! አባቴ መስመሮቹን የሚያስጌጣቸው ይመስለኝ ነበር። ለትምህርት ቤት ጓደኞቼም «አባቴ ለቲማቲም ሪባን ያስርለታል» ብዬ ጉራዬን ነዝቻለሁ።

ቀዩ ጨርቅ «አትልቀሙ» ማለት ነው። ከተረጨ በኋላ መርዙ እስኪለቅ ድረስ ያ መስመር አይነካም። ይኼን ያወቅሁት አድጌ፣ ጉራውን ከነዛሁ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ሌላም ያላወቅሁት ነገር ነበር። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከኔ በኋላ የተፀነሱት ሳይወለዱ ቀርተውባታል፤ ቤት ውስጥ ማንም ስማቸውን አያነሳም፣ ስም አልነበራቸውማ። አዋላጇ መጥታ ሆዷን ዳስሳ፣ «ይኼኛው እንዲቆይ ከፈለጋችሁ አትሩጪ፣ አትሸከሚ፣ አትደንግጪ፤ የሚረጨውም ነገር ወደዚህ ቤት አይግባ» ብላ ሄዳለች። እንግዲህ ያን ወቅት ቤታችን ውስጥ የሚፈራው ነገር አንድ ብቻ ነበር። እኔ የምፈራው ግን ሌላ ነበር።

ወጥ ቤታችን ያኔ የጦር ሰፈር ሆነ ብል አላጋነንኩም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ የሚገባውን ሁሉ ትፈትሻለች። «ያልተረጨ ነው?» የማትለው ነገር የለም። ሽንኩርቱ ያልተረጨ፣ ድንቹ ያልተረጨ፣ ዶሮዋም የበላችው ያልተረጨ። ጓሮአችን ውስጥ ፍግና አመድ እየበተነች ያበቀለችው ጎመን በትል ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል። እኔ ፊቴን ሳጨማድድ፣

«ምን ሆንሽ? ትል የበላው ጎመን ነው የሚሻለው» ትለኛለች። «ትሉ ቀምሶልናል።»

ወተቱን የሚያመጡልን ባልቴት አንዲት ነጭ ላም ነበረቻቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው «የነጯ እናት» እያለ ነው። ላሚቱን ከእርሻው አጥር አጠገብ ዝር አያስደርጓትም። ከቦዩ በላይ ካለው ኮረብታ ሣር እያጨዱ በጋሪ እየገፉ ይመጣሉ፣ ወገባቸው እስኪቀነጠስ።

«ልጄ፣» ይሏታል እናቴን ጣሳውን እያቀበሉ፣ «ይቺ ላም ካንቺ በላይ ተቀማጥላለች። ኮረብታ ካልሆነ አልበላም ትለኛለች።»

«እትዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር!»

«ጎመን ይውጥሽ ነበራ። በይ ሳይቀዘቅዝ አፍዪው።»

እናቴ ወተቱን በቀስታ እሳት ላይ ጥዳ፣ ከአጠገቡ ሳትነሳ እያማሰለች ታፈላዋለች። ግማሹን ታረጋዋለች። በቀረው ድንችና ካሮት ትቀቅልበታለች፤ ድንቹ እስኪፈራርስ፣ ካሮቱ ወተቱን ብርቱካንማ እስኪያደርገው። መጨረሻ ላይ ራሷ የናጠችውን ቅቤ ጣል ስታደርግበት ቤቱ በሙሉ ያውዳል። እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር ከዚያ በኋላ በልቼ አላውቅም፤ ግን ያኔ አልዋጥ ይለኝ ነበር። አባቴ ውጭ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ብቻውን ሲያኝክ በመስኮት እያየሁ እንዴት ይዋጥልኝ? እናቴም አትጠራውም። ማንኪያዋን ይዛ አንገቷን ደፍታ ትበላለች። አንዳንዴ እንባዋ ሳህኑ ውስጥ ጠብ ይላል። እልኸኛ ናት እል ነበር በልቤ፤ እያለቀሰች እንኳ አትታረቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እርሻው ለሠራተኛው ድርሻ ይሰጣል፤ አንድ አንድ ቅርጫት አትክልት። የሰው አባት ድርሻውን በትከሻው ይዞ በፊት ለፊት በር እየዘፈነ ይገባል። የኔ አባት በጓሮ ይገባና ከቆርቆሮዋ ክፍል ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብረዋል። አየሁት፤ እነዚያን ቀያይ፣ አንጸባራቂ ቲማቲሞች አንድ በአንድ እያስገባ አፈር ሲመልስባቸው። የላቡን ዋጋ አፈር የሚያስበላው እሷን ፈርቶ ነው አልኩ።

ያየሁት እኔ ብቻ ብሆን ጥሩ ነበር። የእርሻው ዘበኛም አይቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወሬው አለቃው ጋ ደረሰ።

አለቃው እሁድ ረፋድ ላይ መጣ። «መጡ» ማለት ነበረብኝ፤ ያኔ አንቱ ብዬ ነው ወንበር ያቀረብኩለት። ዛሬ ግን አፌ አይታዘዘኝም፤ መጣ።

«ቤቶች! ሰው የለም እንዴ?» አለ በሩን ሳያንኳኳ እየገፋ። ከኋላው ሾፌሩ አንድ ሳጥን ሙሉ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን አስቀምጦ ወጣ። ቲማቲሙ የኔን ቡጢ ያክላል። ከቆዳው ላይ ብርሃን የሚፈስ ይመስላል።

እናቴ ከወጥ ቤት ወጣች፤ ሳጥኑን ስታይ እጇ ሆዷ ላይ ሄደ። አባቴ በጓሮ በር ብቅ አለ፤ ታጥቦ፣ ፀጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ። ደፉ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ! በገዛ ቤትህ እንግዳ ሆንክ?» አለው አለቃው።

አባቴ ገባ። ስንት ጊዜ የናፈቅሁት ነገር ነው! ልቤ እንዴት እንደዘለለ አልነግራችሁም። ወዲያው ተገለጠልኝ፦ ይኼ ሰውዬ ሽማግሌ ሆኖ ሊያስታርቃቸው ነው የመጣው። ሮጬ ጥሩዋን ወንበር፣ እግሯ የማይነቃነቀውን፣ ለእሱ ሰጠሁት።

«ጎበዝ ልጅ!» አለኝ፤ ፀጉሬንም ዳበሰኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። «ምን መሰለህ ወንድሜ፣ ሰው ክፉ ነው፤ ያወራል። 'የረጪው ቤት እርሻው ያበቀለውን አይበላም፣ ቆፍሮ ይቀብረዋል' ይላል። ይኼ ወሬ ገዢዎቹ ጆሮ ቢደርስ የስንት ሰው ጉሮሮ ነው የሚዘጋው? ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፣ አይደል?»

«ወሬ ነው ጋሼ» አለ አባቴ።

«ወሬማ ከሆነ እሰየው! ስለዚህ ዛሬ ምሳ አብረን ነን። ባዶ እጄንም አልመጣሁም።» ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ አንኳኳ አደረገ። «ጥሩ ቤት ናት ይቺ። ስንቱ መሰለህ ተሰልፎ የሚጠብቃት።»

የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። እኔ ደግሞ አለቃው ቤታችንን ስላደነቀ ኮራሁ።

አባቴ ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠና አንድ ቲማቲም አንስቶ ገለበጠው። ከግንዱ የተቀነጠሰበት ጎድጓዳ ላይ ነጭ አቧራ ነገር ተጋግሯል። አሸተተው።

«ከየትኛው መስመር ነው የተለቀመው ጋሼ?»

«ከመንገዱ ዳር ካለው።»

«እዚያ ጨርቅ አስሬ ነበር።»

«አይቼዋለሁ፤ አስፈታሁት። መኪናው ደርሶ ቆሟል፣ ጨርቅ እስኪወርድ ይጠብቃል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ይልቅ እመቤቲቱ ትሥራልን። አንቺማ ደህና አድርገሽ ብዪ፣ ለሁለት ነው የምትበዪው።»

ሁለተኛው ማን እንደሆነ ዙሪያዬን ፈለግሁ። ማንም የለም።

አባቴና እናቴ ተያዩ። እስከ ዛሬ ያን አስተያየት አልረሳውም። ብዙ ጊዜ ነበር እንዲያ ከተያዩ፤ እኔም «እሰይ፣ መታረቅ ጀመሩ» አልኩ።

ምድጃው ላይ የኮረብታዋ ላም ወተት ከነድንቹ ተጥዶ ነበር። አለቃው ወንበሩን አንስቶ ወጥ ቤቱ በር ላይ አስቀመጠና ተዘረጋበት። እናቴ ቲማቲሞቹን ውሃ ውስጥ ነከረች። አጠበች። ውሃውን ደፋች። ጨው ጨመረች፣ እንደገና አጠበች። ደፋች። እንደገና።

«ኧረ ቆዳውን ልትገፍፊው ነው!» አለ አለቃው።

«አፈር አለው ጋሼ።»

«አፈርማ አልነበረውም፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ።»

ከጠረጴዛው ሥር የጓሮአችን ቲማቲም በቅርጫት ተቀምጧል፤ ትንንሽ፣ ስንጥቅጥቅ፣ ጠማማ። የእናቴ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ቅርጫቱ ሲሄድ አየሁ። አለቃውም አየ።

«ያን ተዪው፤ ይሄኛው እያለ ያን ምን ያደርግልሻል?» አላት፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

እናቴ እጇን መለሰች። ላብ ከግንባሯ ወርዶ ቅንድቧ ላይ ቆመ። ቢላዋው ቲማቲሙ ውስጥ ሲገባ ጭማቂው መክተፊያው ላይ ፈሰሰ፤ ጥቅል ጎመኑ ተቆረጠ፤ ዘይቱ ውስጥ ሲገቡ ጭስስስ አለ። ሽታው ለኔ የድግስ ሽታ ነበር። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በአፏ ትተነፍሳለች። እዚህ ላይ ጭራሽ ተናደድኩባት፤ በእንግዳ ፊት እንኳ አፍንጫዋን አትሰበስብም!

ጠረጴዛው ላይ አራት ሳህን ቀረበ። አባቴ ከኛ ጋር ተቀመጠ፤ ወንበሩን ከእናቴ ራቅ አድርጎ፣ ግን ተቀመጠ። እናቴ ከድስቱ አወጣችልን። ቀይ፣ ወፍራም፣ ዘይቱ ዳር ዳሩን የሚያበራ።

«ለእርስዎ ጋሼ?»

«እኔን ተዪኝ፣» አለ ሆዱን እየደባበሰ፤ «ሐኪም ቲማቲም ከልክሎኛል፣ ጨጓራ አለብኝ። እስቲ ከዚያ ከድንቹና ከወተቱ ስጪኝ፣ እሱ ይበቃኛል።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ይኼን ተረት አሁን ነው የተረትኩት፤ ያኔማ ለጨጓራው አዘንኩለት። ሰውዬው ከኮረብታው ሣር፣ ከነጯ ላም፣ ከእናቴ ጓሮ ድንች የተሠራውን ሾርባ ፉት እያለ «ውይ ሲጣፍጥ!» ይላል፤ በማንኪያውም የእናቴን ሳህን ይጠቁማል።

«ብዪ እንጂ። ቅመሺ።»

እናቴ ማንኪያዋን ነከረች። አነሳች። ቀዩ ነገር ከማንኪያው ጠብ ጠብ ይላል። አፏ ጋ ሊደርስ ነው።

«ይኼንን እኔ ነኝ የምበላው!» አለ አባቴ።

ሁላችንም ወደሱ ዞርን። የራሱን ሳህን ለካ ጨርሶታል። እንዴት እንደጨረሰው አላየሁም። እጁን ዘርግቶ የእናቴን ሳህን ከፊቷ ሳብ አደረገው፤ ማንኪያዋንም ቀማት።

«አንቺ ስትበዪ አመት ይፈጅብሻል፣ ይቀዘቅዛል። እርቦኛል ባካችሁ! ስንት ጊዜዬ ነው እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ!»

መዋጡን ነው እንጂ ማኘኩን አላየሁም። ጉንጮቹ ተነፋፍተው፣ ዓይኖቹ ድስቱ ላይ ተተክለው። የእናቴን ሳህን ጨርሶ ወደኔ ተንጠራራ።

«አባዬ! የኔ ነው!»

«አንቺ ዳቦ ብዪ።»

ሳህኔ ሄደ። እንባዬ መጣ። ያ ሁሉ ሲያምረኝ የከረመ ቲማቲም ቤታችን ገብቶ፣ አንዲት ማንኪያ ሳልቀምስ! አባቴ ድስቱን ራሱን ወደሱ ሳበ፤ በእጁ ዳቦ ቆርሶ ታችኛውን፣ ዳርና ዳሩን፣ ክዳኑን ሳይቀር ጠረገው። በእንግዳ ፊት! ከመሬት በታች ብገባ በወደድኩ።

አለቃው በመጀመሪያ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን እየደበደበ ይስቅ ጀመር።

«ወይ ጉድ! ሴትዮ፣ ይኼን ሰውዬ በረሃብ ልትገድዪው ነበር እኮ! ጥርግ አደረገው! ድስቱን እንኳ ለማጠብ አላስቀረልሽም!»

አባቴም ሳቀ። ከንፈሩ ዳር ቀይ ነበር። እናቴ አልሳቀችም። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ሥር ሆዷ ላይ አድርጋ ባዶውን ድስት ታያለች።

«እንግዲህ ወሬው ወሬ ነው ማለት ነው፣» አለ አለቃው ኮፍያውን እያነሳ። «ደህና ዋል፣ ጠራርጌ!»

ጠራርጌ። ሰኞ ዕለት እርሻው በሙሉ አባቴን በዚህ ስም መጥራት ጀመረ። ትምህርት ቤት «የጠራርጌ ልጅ፣ ምሳሽን ደብቂ» እያሉ አስለቀሱኝ።

አባቴ አለቃውን እስከ ደጅ ሸኘው። መኪናው ታጥፎ እስኪጠፋ ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ ነበር። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ በጓሮ በኩል ዞረ። ተከተልኩት፤ ተቀይሜዋለሁና ልነግረው ነበር። ቲማቲም ሲቀብርበት የነበረው ቦታ ላይ ተንበርክኮ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከትቷል። ያስመልሳል። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ላቡ እንደ ዝናብ ይወርዳል።

እሰይ፣ አልኩ በልቤ። ሆዳም እንዲህ ነው የሚሆነው።

እናቴ በአጠገቤ ሮጣ አለፈች። አትሩጪ የተባለችዋ እናቴ፣ በባዶ እግሯ። መሬት ላይ ተቀምጣ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገች፤ በቀሚሷ ፊቱን ትጠርጋለች፣ አፉን ትጠርጋለች፣ ስሙን ትጠራለች። አባቴ በደከመ እጁ ሊገፋት ይሞክራል።

«አትንኪኝ… ተነሺ… እጅሽን ታጠቢ።»

«አልታጠብም! ዝም በል! አልታጠብም!»

የነጯ እናት የከሰዓቱን ወተት ይዘው በጓሮ በር ብቅ ሲሉ ይኼን አዩ። ጣሳውን አፉ ጋ አስጠጉ። አባቴ ጥርሱን ነከሰ።

«የኔ አይደለም» አለ ወደ እናቴ ሆድ እያየ። «የልጁ ነው።»

«አንተ ሰውዬ!» ብለው ጮኹበት ባልቴቷ። «ላሚቱ ነገም ትታለባለች፤ አንተን ከየት እናልብሃለን? ጠጣ ብያለሁ!»

ጠጣ። አስመለሰ። እናቴ ጣሳውን ተቀብላ ደግሞ አጠጣችው። ከዚያ የሣር መጫኛ ጋሪያቸው ላይ አስተኝተውት ወደ ጤና ጣቢያ ገፉት፤ እናቴ ጋሪው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ራሱን እንደታቀፈች። እኔ ደጅ ላይ ቆሜ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? እጄን አውለበለብኩላቸው። ደስ ብሎኛላ! እናቴ በራሷ እጅ፣ ለማንም የማታቀምሰውን ወተት አጠጣችው። ታቀፈችው። በጋሪ አብረው ሽርሽር ሄዱ። ለጎረቤት ልጆች ሁሉ «ታረቁ! አለቃው አስታረቃቸው!» እያልኩ ሰፈሩን ዞርኩ።

ሐኪሙ ኋላ እንደነገራቸው ያዳነው ወተቱ አይደለም፤ ቶሎ ማስመለሱና መርፌው ነው። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ፣ ብሎ ቀሪውን አልጨረሰላቸውም። ለአለቃው ግን «ከመጠን በላይ በልቶ ነው» ተብሎ ተነገረው፤ እሱም ለሰው ሁሉ አወራው፣ ቤታችንም ተረፈች።

እህቴ ዝናቡ ሲያባራ ተወለደች። እንዴት ያለ ጩኸት! የነጯ እናት «ይቺስ እርሻውን በሙሉ አባርራ ነው የመጣችው» አሉ። አባቴ በመስኮት አያት። ሥራ ፈልጎ፣ አናጢ ቤት ተቀጥሮ፣ ከእርሻው ቤት ዕቃችንን ጭነን የወጣን ቀን ነው መጀመሪያ ያቀፋት። እስከዚያ ጡት ጨብጣ መሳቅ ጀምራ ነበር።

ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ እናቴ ወተት እያማሰለች ነገረችኝ። «እኔ መሰልኩሽ ያስወጣሁት?» አለችኝ። «እኔማ በሩን ይዤ ነው ያለቀስኩት። ሽታው ያመኛል እንጂ ከሱ መለየትን የት ችዬ! 'ግባና አብረን እንብላ' ብዬ ለምኜው፣ 'አይሆንም' አለ። ሳህኑን የለየውም፣ ልብሱን አትንኪ ያለውም እሱ ነው። 'የፊቶቹን እኔ ነኝ በልብሴ ይዤ ገብቼ የገደልኳቸው' ይል ነበር። እንደዚያ ይሁን አይሁን ማን ያውቃል? ግን አንዴ አምኗል።»

«ለእህቴ ለምን አትነግሯትም?»

«ዕዳ ተሸክማ እንድታድግ አልፈልግም ብሎ አስምሎኛል።»

እኔንም አስማለችኝ። እኔም አፌን ይዤ ኖርኩ፣ እስካለፈው እሁድ።

እህቴ አሁን የራሷ ቤትና ልጅ አላት። ማቀዝቀዣዋን ስትከፍቱት ወተቱ ኦርጋኒክ፣ ቅቤው ኦርጋኒክ፣ ካሮቱ ሳይቀር ከነቅጠሉ ኦርጋኒክ። የምትሠራው ግን የእናቴን ሾርባ ነው፤ ድንችና ካሮት በወተት። እሁድ ሁላችንም እዚያ ነን። አባቴ አርጅቷል፤ እጆቹ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይንቀጠቀጣሉ፣ ዳቦ ሲቆርስ ፍርፋሪው ጠረጴዛውን ይሞላዋል። የልጅ ልጁን ከማቀፉ በፊት ዛሬም እስከ ክርኑ ድረስ በሳሙና ይታጠባል።

«አባዬ፣ ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው እንዴ?» ትለዋለች እህቴ።

ያን ዕለት አማቶቿ ተጋብዘው ነበር። ሾርባው ቀረበ። አባቴ አንገቱን ሰገግ አድርጎ፣ እንደልማዱ፣

«ከየት የተለቀመ ነው?» አለ።

«ኦርጋኒክ ነው አባዬ፣ ያልተረጨ! ስንቴ ልንገርህ?» እህቴ ለእንግዶቿ ጠቀሰች። «አባቴን በእርሻው ሰፈር ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ? ጠራርጌ! አንድ ቀን እንግዳ ጠርቶ፣ የእናቴን፣ የእህቴን፣ የሁሉንም ሳህን ቀምቶ በላ። ድስቱን እንኳ በዳቦ ጠረገ! ዛሬ ለሰው አስተርፍ እሺ፣ ጠራርጌ?»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። አባቴም አብሮ ሳቀ፤ የሚንቀጠቀጥ እጁን ጠረጴዛው ሥር ደብቆ። እናቴ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች። ፊቷ ያን ጊዜ፣ ባዶውን ድስት ስታይ እንደነበረው ሆነ።

ቆሽቴ አረረ። የማልኩበት ምስጢር ከአፌ አመለጠ።

«ያን ቀን የማንን ድርሻ እንደበላ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ተዪ» አለኝ አባቴ።

«አልተውም አባዬ። ታውቂያለሽ?»

እህቴ እየሳቀች ነበር። «የማንን?»

«ያንቺን።»

ከዚያ ነገርኳት፤ ቀዩን ጨርቅ፣ ጨጓራውን፣ የእናቴን ማንኪያ፣ ጋሪውን። አማቶቿ ሾርባቸውን ረሱት። አባቴ አንገቱን ደፍቶ «ሾርባው እኮ ይቀዘቅዛል» አለ።

እህቴ ሳህኗን ገፋ አደረገች። ከዚያ ተነስታ ድስቱን ከነጭልፋው አመጣችና አጠገቡ ቆመች። ሳህኑን እስከ አፉ ሞላችለት። ወተቱ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ብላ አባዬ፣» አለችው እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «ጥርግ አድርገህ ብላ።»